ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ መኝታ ቤቱ ማብሪያ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣ ባሕር ዳር፤

እንደምን ሰነበትሽ? ሕፃኑስ እንዴት ነው? እኔ እዚህ አዲስ አበባ ከወንድምሽ ቤት ሆኜ ሕክምናዬን እየተከታተልሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

የመኝታ ቤቱን ማብሪያ ማጥፊያ አውልቀሽ ዲመር፣ ማለት የመብራቱን ድምቀት የሚቀንስና የሚጨምር ማብሪያ፣ ልትገጥሚበት እንዳሰብሽ ወንድምሽ ነገረኝ። ሐሳቡ መልካም ነው። ሌሊት ልታጠቢ ስትነሺ ሙሉ መብራት ሕፃኑን ጨርሶ ያነቃዋል፤ የሐይቁንም ትንኝ በመስኮት ይጠራል። ባለሙያ ጥሪ ብልሽ እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ። እንግዲያው የዚያን ቤት ሽቦ የዘረጋሁት እኔ እያለሁ ሌላ ሰው ከሚነግርሽ እኔው ልንገርሽ።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ መብራት ሄዷል ብለሽ ማብሪያውን እንዳትፈቺ። ሰዓቱ ለሥራው የተመቸ ይመስላል፤ ሽቦውን በጣትሽ ይዘሽ ሳለ ተመልሶ ቢመጣ ግን 220 ቮልቱ የሚያገኘው አንቺን ነው። የጣና በለስ ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት ይዞ ሲመረቅ፣ የሐይቁ ጎረቤት ስለሆንን ከእንግዲህ መብራት አይሄድብንም ያሉ የሰፈር ሰዎች ነበሩ። ውሃው የእኛው ሐይቅ ቢሆንም መብራቱ ከደጃችን የሚደርሰው እንደ ማንም ቤት በምሰሶና በትራንስፎርመር አልፎ ነው። የሄደው መቼ እንደሚመለስ የሚነግርሽ የለም።

ስለዚህ መብራት ባለበት ቀን፣ በፀሐይ ብርሃን ሥሪ። መጀመሪያ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ መኖሩን የሚያሳየውን ቴስተር በሚሠራ ሶኬት ሞክሪው፤ የተበላሸ ቴስተር ሁሉንም ሽቦ ባዶ ነው ይልሻል። ቀጥሎ ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋናውን ብሬከር አውርጂና ማንም እንዳይነካው ለቤቱ ሰው ሁሉ ተናገሪ። ከዚያ ተመልሰሽ የማብሪያውን ሽቦዎች በቴስተሩ አንድ በአንድ ፈትሺ።

ከሳጥኑ ውስጥ የምታገኚው ሁለት ሽቦ ነው፤ አንዱ ፌዙን፣ ማለት ከቆጣሪው የሚመጣውን ኤሌክትሪክ፣ ያመጣል፣ ሌላው ወደ አምፖሉ ይወስዳል። ቀለማቸውን አትመኚ። ያኔ ቀይ ሽቦ ከገበያ ስለጠፋ የቤቱን ግማሽ በጥቁር ነው የዘረጋሁት። ፌዙ ጫፉ ላይ ፕላስተር የጠቀለልሁበት ነው። ዲመሩ ጀርባ ላይ የመግቢያውና የመውጫው ምልክት አለ፤ እሱን ተከተዪ። ከመፍታትሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺው። የሳሎኑን ማብሪያ ግን እንዳትነኪ፤ ከበሩም ከኮሪደሩም የሚበራ ስለሆነ ሦስት ሽቦ ነው ያለው፣ ተራ ዲመርም አይሆነውም።

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው አምፖሉ ላይ ነው። ዲመር መብራቱን እንደ ቧንቧ ውሃ የሚያጠብበው ይመስላል። አይደለም። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ ማለት በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ዲመሩ በእያንዳንዱ ምልልስ ሁለቴ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ይቆርጠዋል፣ ይለቀዋል። ባሳነስሽው ቁጥር የተቆረጠበት ጊዜ ይረዝማል፤ ዓይንሽ ግን አይለየውም። የድሮው ባለ ክር አምፖል ችግር የለበትም፤ ክሩ ሳይቀዘቅዝ ቀጣዩ ይደርስለታል። ኤልኢዲ ውስጡ የራሱ ኤሌክትሮኒክስ አለው፤ ለዲመር ካልተሠራ ብልጭ ድርግም ይላል፣ እዝዝ ይላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ስለዚህ በዲመር እንደሚሠራ ካርቶኑ ላይ ካልተጻፈ አትግዢው። ጠምዛዛውን ኃይል ቆጣቢ አምፖልማ ከነጭራሹ እርሺው።

ዲመሩም ለኤልኢዲ የሚሆን ይሁን። ለባለ ክር አምፖል የተሠራው ብዙውን ጊዜ ከበድ ያለ ጭነት ይፈልጋል፤ አንዲት ባለ 9 ዋት አምፖል አትበቃውም። ሁለቱን ከአንድ ሱቅ ግዢና እዚያው አገናኝቶ ያሳይሽ። ባለሱቁ ቢያጉረመርም ያጉረምርም፤ ገንዘቡ ያንቺ ነው።

ዲመር ከተራ ማብሪያ ይወፍራል፣ የግድግዳው ሳጥን ደግሞ ጥልቀት የለውም። ሽቦውን በሥርዓት አጥፈሽ አስገቢው እንጂ በካቻቪቴ እየገፋሽ አትጠቅጥቂው። ሲሠራ ለብ ማለቱ ያለ ነው፤ እጅ የሚያስነሳ ሙቀት ካለው ግን ብሬከሩን አውርጂና ደውዪልኝ። አምፖል ስትቀይሪም ዲመሩን ዝቅ ማድረግ ማጥፋት እንዳይመስልሽ።

አሮጌውን ማብሪያ አትጣዪው፤ ዲመሩ ቢበላሽ በዚያው ቀን መልሰሽ ትገጥሚዋለሽ። ብሎኖቹን ከነማብሪያው በፌስታል ቋጥረሽ ከመሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ አኑሪልኝ።

ሕፃኑን ሳሚልኝ።

አባትሽ