አትቁጠርበት

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከረምክ? እኛ ደህና ነን፤ የእናትህ ጉልበት ብቻ ክረምቱ ሲገባ እንደ ልማዱ ጀምሯታል። ደብዳቤውን ባመጣልህ ሾፌር እጅ የገብስ ቆሎና አንድ ጋቢ ልኬያለሁ። ጋቢው የማሙሽ ነው፤ አንተ እንዳትለብሰው። ስልክ ያልደወልኩት ስልክ ላይ ቶሎ ስለምትቆጣ ነው። ወረቀት ላይ እስክጨርስ ትሰማኛለህ።

ለልጁ የቤት ውስጥ የስፖርት መጫወቻ መግዛትህን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። በር ላይ የሚንጠለጠል ቅርጫት፣ ትንሽ ጎል ከነመረቡ፣ የሚለጠፉ ኳሶች የሚወረወሩበት የጨርቅ ሰሌዳ፣ ሁሉም በአንድ ካርቶን ከነመንፊያው። ቤታችሁ ኮምቦልቻ መንገድ ዳር ነው፤ የጅቡቲ ከባድ መኪና ሌት ተቀን በሚያልፍበት ደጅ ልጁን ኳስ አስይዞ የሚያስወጣ አባት የለም። እዚህ ላይ ማስተዋልህን ወድጄዋለሁ።

ኋላ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። ደብተር ይዘህ ወንበር ላይ ተቀምጠህ የገባና የሳተ እያልክ ትጽፍበታለህ አሉ። ሃያ ሳይሞላ እራት የለም ብለኸው፣ ያ የአምስት ዓመት ልጅ ኳሱን እንዳቀፈ በሩ ስር እንቅልፍ ወስዶታል አሉ። ማን ነገራቸው ብለህ ሚስትህን እንዳትናገራት። ልጄ፣ አትቁጠርበት።

ቅርጫት ኳስ እንዴት እንደተጀመረ ለተማሪዎቼ ስነግር አንተም የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ ሰምተኸኛል። በፈረንጆች 1891 ዓ.ም. ጄምስ ኔይስሚዝ የሚባል መምህር፣ አሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ፣ ብርዱ ቤት የዘጋባቸውን ተማሪዎች የሚያጫውትበት ነገር ፈልግ ተባለ። ሁለት የኮክ ቅርጫት አግኝቶ አዳራሹ ውስጥ ካለው ሰገነት ጋር በሚስማር መታው። ሰገነቱ 10 ጫማ ከፍታ ስለነበረው ቀለበቱ እስከ ዛሬ 3.05 ሜትር ላይ ቀረ። አንድ ነገር ግን ለተማሪዎቼ ሳልነግር አልፍ ነበር። በመጀመሪያው ጨዋታ በየወገኑ ዘጠኝ ሆነው አሥራ ስምንት ጎረምሶች ተጋፍተው፣ ቅርጫት የገባው አንድ ኳስ ብቻ ነበር። 1 ለ 0። ይህን ብነግራቸው ይሰንፉብኛል ብዬ እፈራ ነበር። ለአንተም ሳልነግርህ ቀረሁ።

ሰማያዊው ደብተር አሁንም ቁም ሣጥኑ ውስጥ አለ። እናትህ ልታቃጥለው ብላ ነበር፤ እኔ ደበቅኩት። በየገጹ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ረድፍ አስምሬ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስም በራሱ አባት እጅ እንደ ተከሳሽ ስም ከላይ ተጽፏል። ያን የነሐሴ ቀን ረስተኸዋል ብዬ ራሴን አታልላለሁ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቀለበቱን ሊሸፍነው ምንም አልቀረውም፤ ዝናቡ ሜዳውን ኩሬ አድርጎታል፤ ኳሱ ውኃ ጠጥቶ ከብዷል። ሃምሳ ካልሞላ ወደ ቤት የለም አልኩህ። አርባ ሰባት ላይ ኳሱን መሬት ላይ አስቀመጥከው። አልወረወርከውም፣ አላለቀስክም፤ ሕፃን ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ አድርገህ አስቀምጠህ ሄድክ። እኔ ኳሱን ካፖርቴ ውስጥ ይዤ ከኋላህ ተከተልኩ። ዝናቡን ከኳሱ ይልቅ ከአንተ መከላከል እንደነበረብኝ የገባኝ ቤት ስንደርስ ነው።

ሌሊቱን አተኮሰህ። እናትህ ግንባርህ ላይ እርጥብ ጨርቅ ስታደርግ አንተ በቅዠት «አርባ ሰባት፣ አርባ ሰባት» ትል ነበር። እሷ እኔን አየችኝ እንጂ ምንም አልተናገረችም። እስከ ዛሬም አልተናገረችም። ከዚያ በኋላ ኳስ አልነካህም። እኔ የሰው ልጆችን ለውድድር ሳሰለጥን የኔው ልጅ አጥሩ ላይ ተደግፎ እንኳን አላየኝም። ታዲያ ለልጅህ ኳስ ገዛህ ሲሉኝ ብቻዬን ያለቀስኩት ለዚህ ነበር። ያንኑ ዓይነት ደብተር አንተም ትይዛለህ ብዬ ግን አልጠበቅኩም።

አሁን ስማኝ። ቅርጫቱን ሰው በሚወጣበትና በሚገባበት በር ላይ አትስቀለው፤ ከወዲያ በኩል የሚከፍት ሰው ልጁን ይመታዋል። የዕቃ ቤቱ በር ይሻላል። ቀለበቱ ልጁ እጁን ሲዘረጋ ከሚደርስበት አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፤ እንዲገባለት እንጂ እንዲያፍር አይደለም የተሠራው። ወለላችሁ ሲሚንቶ ስለሆነ ምንጣፍ አንጥፉበት፤ ምንጣፉ ደግሞ የሚንሸራተት ከሆነ ባዶው ወለል ይሻላል። የመንፊያውን መርፌ ከመክተትህ በፊት በውኃ አርጥበው፣ ያለዚያ የኳሱን አፍ ይቀደዋል። ስትጨርስ መርፌውን አንተ ጋር አስቀምጠው፤ ልጅ አፉ ውስጥ ይከተዋል። ቴሌቪዥኑን አዙረው። ቢሰብረው ደግሞ ቴሌቪዥን ነው።

አትቁጠርበት። እሱ ራሱ ልቁጠር ካለ ይቁጠር፤ ከሦስት በኋላ ሰባት ቢል አታርመው።

ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና የሐረጎን ቁልቁለት ወደ እናንተ እወርዳለሁ። እናትህም ጉልበቷን ይዛ እመጣለሁ ብላለች፤ ምሳ በርበሬ አታብዙባት። እስከዚያ ቅርጫቱን አውርደህ ቆየኝ፣ አብረን እንሰቅለዋለን። ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ፣ እሺ ካልከኝ፣ እኔና አንተም እንወረውራለን። ደብተር አላመጣም።

አባትህ
ደሴ