ከላቲን ውጪ ካቶሊክ የለም ያለው ማነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ላቲን ቅዳሴ ውዝግብ ያወጣችሁትን ዘገባ መጀመሪያ ያሳየኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ «ይኸው፣ ስለ እናንተ ጽፈዋል» አለኝ። ደስ ብሎኝ አነበብኩት። ስለ እኛ ግን አንድም ነገር የለም። ያለው ይሄ ነው፦ «እስከ 1960ዎቹ ድረስ የዓለም ካቶሊኮች በሙሉ የሚቀድሱት በላቲን ብቻ ነበር።»

በሙሉ? ብቻ?

እኔ ካቶሊክ ነኝ፤ ቤተሰቦቼ የእምድብር ሰዎች ናቸው። አያቴ ከጉራግኛ ሌላ አማርኛም በቅጡ አትናገርም ነበር። ላቲን የሚባል ነገር መኖሩን መስማቷንም እጠራጠራለሁ። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ግን ከሰው ሁሉ ቀድማ «እግዚኦ ተሣሃለነ» የምትለው እሷ ነበረች። በእናንተ ሒሳብ ይህች ሴት የማን ምእመን ነበረች?

እሺ፣ በቁም ነገር እናውራ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከላቲኗ ሌላ 23 የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ከነሱም ሁለቱ፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት፣ የግዕዝ ሥርዓት ተከታዮች ናቸው። እዚያው ቫቲካን ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። የእኛ አገር መነኮሳት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ተሰጥቷቸው የኖሩበት ነው። የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት ሮም የታተመው በ1513 ነው። አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ማሳተም የጀመሩትም በ1548 እዚያው ሮም ነው። ጋዜጠኛችሁ ይሄን ለማግኘት ሮም መሄድ አያስፈልገውም ነበር። ስልክ ይበቃው ነበር።

የላቲኑን መንገድ በግድ ሊያስገባ የሞከረ የለም አልልም። ከሮም የተላከው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 መጥቶ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ሥርዓቱም ይለወጥ አለ። ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ካቶሊክ ሆነው የነበሩት አፄ ሱስንዮስ የአባቶቻቸውን ሃይማኖት መለሱ። በ1839 የመጡት ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ አቡነ ያዕቆብ፣ ማለትም ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ ሌላ መንገድ ያዙ። ግዕዝ ተማሩ፤ ካህናቶቻቸውም በግዕዝ እንዲቀድሱ አደረጉ። ሮም በ1975 ቅዱስ ብላ ያወጀችው እሳቸውን ነው እንጂ ሜንዴዝን አይደለም።

የላቲኑ ጉዳይ ራሱ በዘገባችሁ ተምታቷል። በ1960ዎቹ የተካሄደው የካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ፣ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ ላቲንን አላገደም። በ1963 ያወጣው የአምልኮ ሰነድ በላቲን ሥርዓት ውስጥ ላቲን ይጠበቅ፣ ለሕዝቡ ቋንቋም ሰፊ ቦታ ይሰጥ ይላል። በሕግ የታወቁት ሥርዓቶች ሁሉ በመብትም በክብርም እኩል ናቸው የሚለውም እዚያው ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ በ2007 በሰፊው የፈቀዱት፣ ፍራንቸስኮስ ደግሞ በ2021 ያጠበቡት ከጉባኤው ለውጥ በፊት የነበረውን የ1962ቱን የላቲን መጽሐፈ ቅዳሴ ነው። ከጉባኤው በኋላ የወጣውን አዲሱን ቅዳሴ ዛሬም በላቲን መቀደስ ይቻላል።

የላቲን ጠበቃ አይደለሁም። ግን ላቲን ለሚወዱት «በሞተ ቋንቋ የሙጥኝ ያሉ ኋላ ቀሮች» ብላችሁ ጽፋችኋል። ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ ይኸው ገጻችሁ ግዕዝን «ጥንታዊ ቅርሳችን» እያለ ያሞግሳል። በላቲንም በግዕዝም ሽንኩርት የሚገዛ የለም። አንዱ ቅርስ፣ ሌላው ሬሳ የሆነው በምን መስፈርት ነው? አንባቢው እኮ ገና ቅዳሴውን ሳያይ ምን እንደሚሰማው ወስናችሁለታል።

ጣጣው እኛም ቤት አለ። በቁምስናችን አብዛኛው ቅዳሴ አማርኛ ሆኗል። ሽማግሌዎቹ ቅር ይላቸዋል። ልጄ ደግሞ የቀረችውም ግዕዝ በዛችባት፤ ዜማው ሲረዝም ዓይኗ ሰዓት ላይ ነው። ወላይታና ሐዲያ ብትሄዱ ሥርዓቱ የላቲን ነው፤ ሰው የሚጸልየው ግን በአገሩ ቋንቋ ነው። ይሄን ብትጽፉ እንዴት ያለ ዘገባ ይወጣው ነበር!

«ለአንድ ዓረፍተ ነገር ይሄ ሁሉ?» ትሉ ይሆናል። በሥራ ቦታም በእድርም «እናንተ ፈረንጆቹ» እየተባልኩ ነው የኖርኩት። የአባቴ ቀብር ላይ ፍትሐቱ በግዕዝ ሲደርስ አንድ ጎረቤት ጠጋ ብሎ «ኦርቶዶክስ ነበሩ እንዴ?» አለኝ። ሬሳው ገና አልወረደም። ቆሜ ታሪክ አስረዳሁ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ያነበበው እንደናንተ ያለውን ነው።

ማረሚያ እፈልጋለሁ፤ ከታች በደቃቅ ፊደል ሳይሆን ዘገባው በወጣበት ቦታ። ጋዜጠኛችሁ ማጣራት ካማረው እሁድ ጠዋት በራችን ክፍት ነው። ጥያቄውን ግን ከቅዳሴ በኋላ ያድርገው።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ