ከእንግዳው የሚሰበሰበው 10 በመቶ የት ገባ?

ይድረስ፦ ለታሪካዊው ሆቴል የሥራ አመራር ቦርድ ሰብሳቢ

ክቡር ሰብሳቢ፣

እንግዶቻችንን በሆቴልዎ የምናሳድር አስጎብኚዎች ነን፤ ሦስት ደብዳቤ ጽፈናል። የመጀመሪያው ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ፣ ሁለተኛው ለዋናው መሥሪያ ቤት፣ ሦስተኛው ለእርስዎ ለራስዎ ነበር። ሦስቱም መዝገብ ቤት ገብተው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። መልስ የመጣው ለሁለተኛው ብቻ ነው፤ እሱም “ለሠራተኞች የደንበኛ አያያዝ ሥልጠና ይሰጣል” የሚል አንድ መስመር። እኛ ሥልጠና አልጠየቅንም፤ ዋናው ጥያቄያችን “የአገልግሎት ክፍያ” ተብሎ ከእንግዳው ስለሚሰበሰበው 10 በመቶ ገንዘብ ነው። በውስጥ ስላልተመለሰልን በአደባባይ እንጠይቃለን። የሆቴሉን ስም ያልጻፍነው እርስዎ ስለሚያውቁት፣ ሠራተኞቹም በእኛ ደብዳቤ ሰበብ እንዲጠየቁ ስለማንፈልግ ነው።

ወደዚህ ቤት እንግዳ የምናመጣው ግቢውን ስለምንወደው ነው። በንጉሡ ዘመን የቆመው የጥርብ ድንጋይ ግድግዳ ዛሬም እንደጸና ነው። የእንጨቱ ደረጃ፣ ሰፊው በረንዳ፣ በዕድሜ ከቤቱ የሚበልጡት ጽድና ዝግባ፣ ማለዳ በወፍ ድምፅ መንቃት፤ አዲስ ፎቅ የሚያቆም ባለሀብት ይህን በገንዘብ አያገኘውም። እንግዶቻችን ሲሸኙ የሚያወሩት ግን ስለ ሌላ ነገር ነው፦ ሰላምታ ስለማይመልስ እንግዳ ተቀባይ፣ ሲጠሩት ዞሮ ስለማያይ አስተናጋጅ፣ ፎጣ ሲጠየቅ ስለሚቆጣ የፎቅ ሠራተኛ። እኛም አይተናል፣ አንክድም። ግን ሁልጊዜ ጥፋቱ የሚለጠፈው በሠራተኛው ፊት ላይ ነው፤ ፊቱን ያጠቆረውን ነገር የሚመረምር የለም።

የሙቅ ውሃውን ጉዳይ ይመልከቱ። በየመታጠቢያ ቤቱ የተሰቀለው ቦይለር 80 ሊትር ይይዛል፣ ማሞቂያው 1,500 ዋት ነው። 20 ዲግሪ ያለውን ውሃ 60 ዲግሪ ለማድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። መብራት ለመቆጠብ ሲባል በባዶ ክፍሎች ያሉት ቦይለሮች እንዲጠፉ ታዟል፤ ይህ ተገቢ ነው። ችግሩ የዕለቱ ገቢ እንግዶች ዝርዝር ከእንግዳ መቀበያው ወደ ቤት አያያዝ ክፍል በጊዜ አይደርስም። እንግዳው ማታ 1 ሰዓት ሲገባ ቦይለሩ የሚበራው ገና ያኔ ነው፤ እስከ 3 ሰዓት ተኩል በቅጡ የሞቀ ውሃ አያገኝም። ወደ ታች ይደውላል። ስልኩን የሚያነሣው ሠራተኛ “ትንሽ ይጠብቁ” ከማለት በቀር ምንም ሥልጣን የለውም፤ ያለ ኃላፊ ፊርማ ክፍል መቀየር አይችልም፣ ኃላፊው ደግሞ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቷል። አምስት ሰው በተከታታይ የጮኸበት ሠራተኛ ስድስተኛውን በፈገግታ አይቀበልም። ዝርዝሩ ቀን 8 ሰዓት ላይ ተላልፎ ቦይለሮቹ 10 ሰዓት ላይ ቢበሩ፣ ለማታ ተረኛውም ክፍል የመቀየር ሥልጣን ቢሰጠው፣ ነገሩ ያለ አንድ ብር ወጪ ይፈታ ነበር። ይህን በመጀመሪያው ደብዳቤያችን ጽፈነዋል።

ምግብ የሚቀርብበት አትክልቱ ሥፍራም እንዲሁ ነው። አንድ አስተናጋጅ በአግባቡ የሚይዘው አራት ወይም አምስት ጠረጴዛ ነው፤ እዚህ ቅዳሜና እሑድ አንዱ 14 ይዞ ይውላል። ትእዛዝ ሲቀበል መጀመሪያ ገንዘብ ተቀባይዋ ጋ ሄዶ ያስመዘግባል፤ ከዚያ የምግቡን ወረቀት ወደ ማድ ቤት፣ የመጠጡን ወደ ባር፣ የቡናውን ወደ ሌላ መስኮት ያደርሳል። ማድ ቤቱ ከዋናው ሕንፃ ጀርባ ነው። ለአንድ ጠረጴዛ ምሳና ቡና ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ቆመው ይቁጠሩ። ሂሳብ ሳይከፍል የሄደ ደንበኛ ካለ ከእሱ ደመወዝ ይቆረጣል፣ ብርጭቆ ቢሰበርም ይቆረጣል። ሰው በልቶ ሳይጨርስ “ሂሳብ ይዝጉልኝ” እያለ ራስ ላይ የሚቆመው ከስንፍና ወይም ከንቀት አይደለም፤ ልጆቹን የሚያበላበት ገንዘብ በር ከፍቶ እንዳይወጣበት ፈርቶ ነው።

የመጻፋችን ዋና ምክንያት ግን የሂሳብ ወረቀቱ ነው። “የአገልግሎት ክፍያ 10%” የሚል መስመር አለው። በ2,000 ብር ክፍል ላይ 200 ብር ይጨመራል፤ በ2,200 ብሩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ 330 ብር፣ ይታሰባል፤ እንግዳው 2,530 ብር ይከፍላል። ያ መስመር ባይኖር የሚከፍለው 2,300 ነበር። ለመስተንግዶ ብሎ በየሌሊቱ 230 ብር ያወጣል ማለት ነው። 30 ብሩ የታክስ ነው። 200 ብሩ የማን ነው? ሠራተኞቹን ጠይቀናል፤ በደመወዝ መክፈያው ላይ አይተውት አያውቁም።

ለማሳያ ያህል፣ 40 ክፍል በተያዘበት ሌሊት 8,000 ብር ይሰበሰባል፤ በ30 ቀን 240,000 ብር። ለ80 ሠራተኛ እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዱ በወር 3,000 ብር ይደርሰዋል። ይህ ከክፍል ብቻ ነው፣ የምግብና የመጠጡ 10 በመቶ አልገባበትም።

ከሁሉ የሚያሳዝነን ይህ ነው፦ እንግዳው ወረቀቱን ሲያይ ለአስተናጋጁ የሚገባውን የከፈለ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ቲፕ ሳይተው ይነሣል። አስተናጋጁ በሆቴሉ በኩል ድርሻውን አያገኝ፣ በእንግዳው በኩል ምስጋናውን አያገኝ። እሱ “ይህ ሁሉ ሰው ተስተናግዶ ዝም ብሎ ይሄዳል” ብሎ ያዝናል፤ እንግዳው “ከፍዬ ተኮሳተሩብኝ” ብሎ ያዝናል። ሁለቱ ሰዎች የተቀያየሙት በመካከላቸው በጠፋ ገንዘብ ነው፣ ገንዘቡን የያዘው ደግሞ እርስዎ የሚመሩት ድርጅት ነው።

ሕጉን ያውቁታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 53 ደመወዝ የማይባሉትን ሲዘረዝር ከደንበኞች የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያን በስም ይጠቅሳል። ደመወዝ ካልሆነ፣ በእኛ እምነት፣ ደመወዝ መሙያ፣ የጄኔሬተር ነዳጅ መግዣ ወይም የጣሪያ ማደሻ ሊሆን አይገባም። ለተሰበረ ዕቃና ላልተከፈለ ሂሳብ የሚቆረጠውም ቢሆን በአንቀጽ 59 ገደብ አለው፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝ ከአንድ ሦስተኛ አይበልጥም።

ወደ ሥልጠናው ስንመለስ፣ ከሠራተኞችዎ ብዙዎቹ በሙያው የተመረቁ ናቸው፤ አገራችን ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሆቴል ባለሙያ ስታሠለጥን ኖራለች። ደግሞም ያ ፊቱን ያጠቆረው ሰው ቤቱ ቢሄዱበት ቡና ሳያስፈላ አይለቅዎትም። እንግዳ መቀበል የሚያስተምረው አያስፈልገውም።

የምንጠይቀው ጥቂት ነው። በየወሩ የተሰበሰበው የአገልግሎት ክፍያ ድምር በሠራተኞች ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ለየሥራ መደቡ በሚሰጥ የድርሻ ነጥብ ይከፋፈል፤ ከእንግዳ ፊት የሚቆመው ብቻ ሳይሆን ሳህን አጣቢዋ፣ የልብስ እጥበቱ ሠራተኛ፣ እነዚያን ዛፎች የሚያጠጣው አትክልተኛ ድርሻ ይኑራቸው። እስከዛሬ የተሰበሰበውም የት እንደገባ በጽሑፍ ይገለጽ። ይህን ማድረግ ካልተቻለ ያ መስመር ከሂሳብ ወረቀቱ ይውጣ፤ እንግዳው 200 ብሩን ለሚገባው ሰው በእጁ ይስጥ።

መልስ እስክናገኝ ድረስ ለእያንዳንዱ እንግዳችን ይህን ስሌት ሂሳቡን ከመዝጋቱ በፊት እናሳየዋለን። ጥያቄውን የክፍያ መስኮት ላይ ለቆመችው ልጅ እንዳያነሣባት እንነግረዋለን፤ በእርስዎ ቢሮ አድራሻ ጽፎ እንዲልክ ወረቀትና ፖስታ እናቀርብለታለን።

በሆቴሉ እንግዶቻቸውን የሚያሳድሩ አስጎብኚዎች