ያደረ ወሬ ከቦስተን

እህት ዓለም፣

እንዴት ከረምሽ? መጥፋቴን አውቃለሁ። «ሥራ በዝቶብኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንቺ ይህን ሰበቤን ከሩቁ ታውቂዋለሽ። እውነቱን ልንገርሽ፦ መጀመሪያ ሰነፍኩ፤ ከዚያ ስንፍናው ሲረዝም አፈርኩ።

ዛሬ ብዕር ያስያዘኝ የበረዶ ሸርተቴ ነው፤ ያ በሙዚቃ እየዘለሉ የሚሽከረከሩበት። ሳቂ እንግዲህ! ትናንት ማታ እ.ኤ.አ. የ2025ን የቦስተን የዓለም ሻምፒዮና ውጤት እንደገና ሳገላብጥ ትዝ አልሽኝ። ያደረ ወሬ ነው። ግን ይህን ለማን አወራለሁ? አጠገቤ ያለው ሰው ሁሉ «እየተሽከረከሩ መውደቅ ስፖርት ነው እንዴ?» ባይ ነው።

አሊሳ ሊውን ታስታውሻታለሽ? ያቺ በ2019፣ በ13 ዓመቷ የአሜሪካ ሻምፒዮን የሆነችው። መድረኩ ረዝሞባት ሁለቱ ተሸላሚዎች ጎትተው ያወጧት ድንቢጥ። በ2022 ሞንፔሊዬ ላይ የዓለም ነሐስ ወሰደችና ብዙም ሳትቆይ «በቃኝ» አለች። ገና 16 ዓመቷ ነበር። ያኔ አንቺ «ጎሽ፣ ትረፍ!» አልሽ። እኔ ደግሞ የራሴን ልጅ ከትምህርት ቤት ያስወጡብኝ ይመስል ተናደድኩ።

ይኸውልሽ፣ ተመለሰች። በመሀሉ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ከጓደኞቿ ጋር እስከ ኤቨረስት ግርጌ በእግሯ ተጓዘች። በ2024 መጀመሪያ ላይ ግን ተራራ ላይ ስኪ ስትንሸራተት የድሮው ስሜት መጣባት። እስቲ ልሞክረው ብላ ወደ በረዶው ሄደች። በዚህኛው ዙር ስለ ሙዚቃዋም ስለ ልብሷም የራሷን ቃል አስገባች። ቦስተን ላይ በአጭሩ ፕሮግራም 74.58፣ በረጅሙ 148.39 አገኘች። ድምሩ 222.97፣ ወርቅ! የአሜሪካ ሴቶች ይህን ወርቅ ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት በ2006 ነበር።

ነጥቡን ተይውና ፊቷን እይ። ወርቅማ ቀሚስ ለብሳ፣ በዲስኮ ሙዚቃ፣ ፈገግ እንዳለች ትዘላለች። አብዛኞቹ ከዝላይ በፊት ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ዓይናቸው ፈጥጦ ነው የምታያቸው። እሷ ግን ሰፈር የምትጫወት ነው የምትመስለው። አራት ጊዜ አየሁት። አምስት ልበል፣ አንቺን ምን እዋሻለሁ።

ያንቺዋ ጃፓናዊት ካኦሪ ሳካሞቶ ለአራተኛ ተከታታይ ወርቅ ነበር የመጣችው። በአጭሩ አምስተኛ ሆና፣ በረጅሙ ታግላ 217.98 ላይ ደረሰች፤ ብር። የአገሯ ልጅ ሞኔ ቺባ ነሐስ። ፍጥነትን በተመለከተ ዛሬም ካኦሪን የሚያክል የለም፤ ይህን በጽሑፍ አምኜልሻለሁ፣ ደብዳቤውን አስቀምጪው።

ወንዶቹ ጋ ብዙ ወሬ የለም። አሜሪካዊው ኢሊያ ማሊኒን 318.56፤ ሁለተኛውን በ31 ነጥብ በለጠው። ልጁ እኮ በ2022 አክስል የሚባለውን ዝላይ በአራት ዙር ተኩል ዘሎ በውድድር ላይ ያረፈ የመጀመሪያው ሰው ነው፣ ምን ይጠበቃል? ደስ ያለኝ የካዛኪስታኑ ሚካይል ሻይዶሮቭ ብር ነው። ጃፓናዊው ዩማ ካጊያማ ከአጭሩ በኋላ ሁለተኛ ነበር፤ ረጅሙ አበላሸበትና በነሐስ ተመለሰ። የበረዶ ዳንሱን አሜሪካኖቹ ቾክና ቤትስ ለሦስተኛ ተከታታይ ጊዜ ወሰዱት። ዳንስ ሲጀመር እንቅልፍ እንደሚወስደኝ ታውቂያለሽ፣ እዚህ ላይ አትጠይቂኝ።

የሚያከራክረን ጥንዶቹ ናቸው፤ ወንድና ሴት አብረው የሚወዳደሩበት። ጃፓኖቹ ሚዩራና ኪሃራ 219.79። ጀርመኖቹ ሃዘና ቮሎዲን 219.08። ልዩነቱ 0.71! አንድ ጊዜ መውደቅ ብቻውን 1 ነጥብ ያስቀንሳል፤ ይህ ከዚያም ያንሳል። ረጅሙን ፕሮግራም ደግሞ ያሸነፉት ጀርመኖቹ ናቸው። ጃፓኖቹን ያዳናቸው በአጭሩ የያዙት ብልጫ ነው። እያንዳንዱ ዳኛ ለእያንዳንዷ እንቅስቃሴ ከ−5 እስከ +5 ይሰጣል፤ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ተጥሎ የቀረው ይደመርና ይካፈላል። እንግዲህ አንዱ ዳኛ ዓይኑን ሲያሽ ወርቅ ይቀየራል ማለት ነው። እየቀለድኩ ነው፣ ግን ብዙም አይደለም።

መጻፍ የነበረብኝ ከውድድሩ በፊት ነበር። ጃንዋሪ 29 ቀን ከዊቺታ የተነሳው አውሮፕላን ዋሽንግተን አጠገብ ከሄሊኮፕተር ጋር ሲጋጭ 67 ሰው አለቀ። 28ቱ የበረዶው ቤተሰብ ነበሩ፤ ልጆች፣ ወላጆች፣ አሠልጣኞች። የ1994 የዓለም ጥንድ ሻምፒዮኖቹ ሺሽኮቫና ናውሞቭም ነበሩበት። የቦስተኑ የሸርተቴ ክለብ ብቻ ስድስት ሰው አጣ። በሁለት ወሩ እዚያው ከተማ ሻምፒዮናው ተደረገ፤ ሟቾቹም ታስበው ነበር። የዚያን ሌሊት «ሰማሽ?» ብዬ ጀምሬልሽ ነበር። ከአንድ ቃል በላይ አልሄደልኝም። ወረቀቱ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

በይ እንግዲህ፣ የጥንዶቹን ሁለት ረጅም ፕሮግራሞች ነጥቡን ሸፍነሽ እይና ለማን እንደምትሰጪ ጻፊልኝ። እኔ ከጀርመኖቹ ጋ ነኝ። ልትቆጪኝ ያሰብሽውንም በዚያው ጨምሪው።

ያንቺው ጠፊ