የወለቃ ሸክላ ሠሪዎችስ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ባለፈው ሳምንት እንግዶች ይዤ ፋሲል ግቢ ገባሁ። አስጎብኚው ነገሥታቱን ከነዘመናቸው ዘረዘረ፤ ድንጋዩን የጠረቡትን፣ ኖራውን ያቦኩትን ግን አንድም ጊዜ አላነሣም።

በ1668 እ.ኤ.አ.፣ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ አንድ ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። የሙስሊሞቹ ሰፈር አዲስ ዓለም የዚያ ታሪክ ምስክር ነው። ቤተ እስራኤላውያኑ ግንበኞች፣ አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ፤ የእጃቸውን ሥራ እየፈለግን «ቡዳ» ብለን ሸሸናቸው። ዛሬ አብዛኞቹ እስራኤል ናቸው። በጎንደር አጠገብ ባለችው የቀድሞ መንደራቸው በወለቃ ለጎብኚ የሚነገረው ስም ግን አሁንም እነርሱ የማይወዱት «ፈላሻ» ነው።

ስሙን ብንፍቀው በደሉም አብሮ ይረሳል፤ ብንተወው ስድቡ ይቀጥላል። ከወዳጆቼ ጋር በዚህ ተከራክረን አልተስማማንም። እኔ ለጎብኚ በሚዘጋጀው ጽሑፍ ላይ «ቤተ እስራኤል» ተብሎ ይጻፍ፣ ከሥሩም የቀድሞው ስም ለምን እንደሚያማቸው ይገለጽ እላለሁ። ጽሑፉን ግን የቱሪዝም ቢሮ ብቻውን አያዘጋጀው። የአዲስ ዓለም ሽማግሌዎች፣ የቅማንት አባቶች፣ ከእስራኤል ለዘመድ ጥየቃ የሚመጡትም ይጠየቁ።

አያቴ ከወለቃ የገዛችው ጀበና የተሰበረ ዕለት አልቅሳለች። የሠሪዋን ስም ግን ጠይቃ አታውቅም ነበር።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር