ተሳቢ ሲነደፍ ከማራገፉ ይጀመር

ለክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በሰሜን ሸዋ፣ በእንሳሮ ወረዳ የተገነባው የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ስለ ምርቱ መጠን፣ ስለ ሲሚንቶ ዋጋና ስለ ሥራ ዕድል በየጋዜጣው ብዙ ተብሏል። ፋብሪካው በሙሉ አቅሙ ሲያመርት በቀን 150 ሺህ ኩንታል ሲሚንቶ እንደሚያወጣ ተገልጿል። ይህን መጠን 400 ኩንታል በሚጭን ባለተሳቢ መኪና ብናሰላው በየቀኑ 375 ሙሉ ጭነት ከበሩ ይወጣል ማለት ነው። እንዲህ ላለ ፋብሪካ የሚያስፈልገው የድንጋይ ከሰል፣ ጂፕሰምና ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ)፣ ለግንባታ የሚመላለሰው አሸዋና ጠጠር፣ ለገጠር መንገድ የሚደፋው ገረገንቲ (አፈር የተቀላቀለበት ጠጠር)፣ ከሞረትና ጅሩ የሚወጣው ስንዴ ሲደመር ሰሜን ሸዋ የብትን ጭነት፣ ማለትም ሳይቋጠር እንዳለ የሚጫን ዕቃ፣ አገር ሆናለች ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህን ሁሉ ስለሚሸከመው ተሳቢ ግን የሚጻፍ ነገር እምብዛም አይገጥመኝም።

በሙያዬ መካኒካል መሐንዲስ ስሆን፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ የተሳቢና የገልባጭ መኪና ካሶኒ (ጭነቱ የሚያርፍበት ሣጥን) በሚሠራበትና በሚጠገንበት ጋራዥ ነው የምሠራው። ደንበኛ ሲመጣ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ኩንታል ይጭናል?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ተገቢ ቢሆንም በሁለተኛ ደረጃ መምጣት ያለበት ይመስለኛል። የሚጫነው ዕቃ ምን እንደሆነ፣ የሚራገፈው የት ቦታ ላይ እንደሆነና በምን መንገድ እንደሚወርድ ሳይታወቅ የተሠራ ካሶኒ፣ ብየዳው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሾፌሩንና ረዳቱን ለአደጋ፣ ባለንብረቱንም ለኪሳራ መዳረጉ አይቀርም።

ነገሩ ከክብደት ይጀምራል። አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ አሸዋ ወደ 19 ኩንታል ሲመዝን፣ ስንዴ ከ7 ኩንታል ተኩል እስከ 8 ኩንታል፣ ደረቅ ፑሚስ ደግሞ እንደ ጠጠሩ መጠን ከ5 እስከ 7 ኩንታል ይመዝናል። እንግዲህ 300 ኩንታል ለመጫን ለእርጥብ አሸዋ 16 ሜትር ኩብ የሚይዝ ካሶኒ ሲበቃ፣ ለስንዴ ወደ 39፣ ለፑሚስ ደግሞ ወደ 50 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። በእኛ ዘንድ የተለመደው አንዱን ካሶኒ ለሁሉም ማዋል ስለሆነ፣ ባለንብረቱ ለፑሚስ ብሎ ስፖንዳውን (የካሶኒውን የጎን ግድግዳ) በላሜራ ያስቀጥላል፤ ወቅቱ ሲለወጥ በዚያው በተቀጠለው ስፖንዳ ውስጥ አሸዋ ይጫንበታል። በሎደር የሚጭነው ሰው ዓይኑ የሚያየው ከፍታን ስለሆነ ካሶኒው ጎድሎ ከታየው መጨመሩ የማይቀር ነው። ፑሚስም ቢሆን በክረምት ውኃ ሲጠጣ በበጋ ከሚመዝነው እጅግ ይከብዳል፤ የካሶኒውን ልክ በደረቁ ፑሚስ ብቻ ያሰላ ባለሙያ ሐምሌ ላይ ሂሳቡ ይፈርስበታል።

ትርፍ ጭነት መንገድን እንዴት እንደሚጎዳ ለማወቅ አዲስ ጥናት አያስፈልግም። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ኦታዋ በተባለች ከተማ አቅራቢያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በተካሄደው ሰፊ የመንገድ ሙከራ በአንድ አክስል (የግራና የቀኝ ጎማዎችን በሚያገናኘው ዘንግ) ላይ የሚያርፈው ክብደት ሲጨምር በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በክብደቱ አራተኛ ርቢ ገደማ፣ ማለትም ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ ገደማ እየሆነ፣ እንደሚጨምር ታይቷል። ስለዚህ አክስሉ ከልኩ ሃያ በመቶ ብቻ ቢጨመርበት ጉዳቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ስፖንዳ ማስቀጠል የባለንብረቱ የግል ጉዳይ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የማራገፉ ጉዳይ ነው። ወደ ኋላ የሚገለብጥ ተሳቢ ሲጓዝ ክብደቱን በሁሉም ጎማዎቹ ያከፋፍላል፤ ካሶኒው ሲነሳ ግን ጭነቱ በሙሉ በኋላ ማጠፊያውና ካሶኒውን በሚያነሳው የፊት ጃክ ላይ ብቻ ይንጠለጠላል። ርዝመቱ 9 ሜትር የሆነ ካሶኒ 45 ዲግሪ ሲነሳ የፊት ጫፉ ከነበረበት ከ6 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። መሬቱ ወደ ጎን 3 ዲግሪ ብቻ ያዘነበለ ቢሆን፣ ያ ጫፍ ከመሐል መስመሩ ከ30 ሳንቲሜትር በላይ ወደ ጎን ይሸሻል። ሦስት ዲግሪ ማለት ቆሞ የሚመለከት ሰው «ሜዳ ነው» ብሎ የሚያልፈው ዘንበልታ ነው። ጭነቱ ያለችግር ቢፈስ ከላይ ያለው ክብደት ቶሎ ስለሚቀንስ ነገሩ በሰላም ያልፋል። ከፊተኛው ጫፍ ተጣብቆ ከቀረ ግን ክብደቱ በሙሉ ላይ ተሰቅሎ ወደ አንድ ጎን ይጫናል፣ በዚያ በኩል ያለው ባሌስትራ (ክብደት የሚሸከመው የብረት ስፕሪንግ) ይተኛል፣ ጎማው ይሰምጣል፣ ዘንበልታውም በዚያው ልክ ይጨምራል። አንዱ ሌላውን እየገፋ ስለሚሄድ ሾፌሩ መስተዋት አይቶ ካሶኒውን ለመመለስ የሚያገኘው ጊዜ በጣም አጭር ነው።

ባለፈው ክረምት ከከተማችን ዳርቻ አንድ የግንባታ ቦታ ላይ ያየሁትን ልጥቀስ። ከሸዋ ሮቢት በኩል የመጣ እርጥብ አሸዋ የጫነ ተሳቢ ሊያራግፍ ካሶኒውን አነሳ። አሸዋው የጣርማበርን ዳገት እስኪወጣ በመንገዱ ንዝረት ተጠቅጥቆ ስለነበር የኋላው ሲወርድ የፊተኛው ሲሶ ያህል በካሶኒው ሁለት ማዕዘኖች ውስጥ እንደ ግድግዳ ቆሞ ቀረ። የግራ የኋላ ጎማዎች በጥቁሩ አፈር ውስጥ ገቡ። ሾፌሩ ጭነቱን ለማናወጥ ትንሽ ወደ ፊት እየነዳ ድንገት ፍሬን ይይዝ ጀመር፤ ረዳቱም አካፋ ይዞ በስፖንዳው ጠርዝ ወደ ላይ ወጣ። እግዚአብሔር ይመስገን የሰው ሕይወት አልጠፋም። ተሳቢው ወደ ጋራዥ ሲመጣ ግን የኋላ ማጠፊያው ፒን ጎብጦ፣ ማጠፊያው ከሻንሲው ጋር የተበየደበት ቦታም ጣት ርዝመት ያህል ተሰንጥቆ አገኘነው። ቀለሙን ፍቀን ስናይ ስንጥቁ ከውስጥ በኩል ዝጎ ነበር፤ የዚያን ቀን የጀመረ አልነበረም ማለት ነው። ሾፌሩንና ረዳቱን መውቀስ ይቻል ይሆናል። እኔ ግን የምወቅሰው ለእርጥብ አሸዋ ባለቀጥ ማዕዘን ሣጥን የሠራውን ንድፍ ነው።

መፍትሔው በዓለም ላይ ከታወቀ ቆይቷል፤ አብዛኛውም በአገር ውስጥ ጋራዥ ሊሠራ የሚችል ነው። የመጀመሪያው ወለሉንና ጎኑን በቀጥ ማዕዘን ከማገናኘት ይልቅ ላሜራውን ጠቅልሎ ግማሽ ክብ ማድረግ ነው። ግማሽ ክብ ካሶኒ እርጥብ ዕቃ የሚጣበቅበት ጥግ የለውም፣ ጭነቱን ወደ መሐልና ወደ ታች ይሰበስባል፣ ቅርጹ ራሱ ጥንካሬ ስለሚሰጠውም ብዙ የጎን አግዳሚ ብረት አይፈልግም። ላሜራ የሚጠቀልል ማሽን የሌለው ጋራዥ ቢያንስ ጥጎቹን በሰያፍ ላሜራ መዝጋት ይችላል። ሁለተኛው የካሶኒውን የኋላ ስፋት ከፊቱ በጥቂት ሳንቲሜትር ማስበለጥ ነው፤ ዕቃው ወደ ኋላ ሲንሸራተት ቦታ እየሰፋለት ስለሚሄድ በጎኖቹ መካከል አይቀረቀርም። ይህ ማስተካከያ ከመቁረጫ ልኬት በቀር ምንም ወጪ የለውም፤ ሆኖም በጥገና ላይ በማያቸው ካሶኒዎች ላይ ተሠርቶ የማገኘው ከስንት አንዴ ነው። ሦስተኛው ወለሉን በሚያንሸራትት ጠንካራ ፕላስቲክ መሸፈን ሲሆን፣ ይህ ዋጋ ስላለው እርጥብ አፈርና አሸዋ ዘወትር ለሚያመላልስ ብቻ እመክረዋለሁ።

ከዚህ አልፎ ደግሞ ወደ ኋላ መገልበጥ ግዴታ አለመሆኑን ልናውቅ ይገባል። በደቡብ አፍሪካና በአውስትራሊያ የማዕድን ሥራ ላይ ወደ ጎን የሚገለብጡ ተሳቢዎች በብዛት ያገለግላሉ። ወደ ጎን የሚገለብጥ ካሶኒ የሚነሳው በርዝመቱ ሳይሆን በስፋቱ ስለሆነ ጫፉ ያን ያህል ሰማይ አይወጣም፤ ዕቃውም የሚንሸራተተው ከ2 ሜትር ተኩል ያልበለጠ ርቀት ስለሆነ ተጣብቆ የመቅረት ዕድሉ ያነሰ ነው። ጉድለቱ መንገዱ ላይ በጎን በኩል ሰፊ ቦታ መፈለጉና በሚገለብጥበት በኩል ያለው መሬት ጠንካራ እንዲሆን ማስገደዱ ነው። ስለሆነም በጠባብ የከተማ መንደር ውስጥ አሸዋ ለሚያራግፍ አይሆንም። ቋሚ የማራገፊያ ሜዳ ላለው ፋብሪካ ከሰልና ጂፕሰም ለሚያመላልስ ግን ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ለገጠር መንገድ ሥራ ደግሞ ከታች የሚከፈት ተሳቢ አለ። ከታች የሚከፈተው ካሶኒ በፍጹም አይነሳም፤ ሾፌሩ ቀስ ብሎ እየነዳ በሩን ሲከፍት ገረገንቲው በመንገዱ ላይ በመስመር ይዘረጋል፣ ግሬደሩም የሚቀረው ማስተካከል ብቻ ነው። ወደ መንዝ በሚወጡት መንገዶች አንዱ ጎን ገደል፣ ሌላው ጎን ተራራ ሆኖ መኪናው ተዘንብሎ በቆመበት ካሶኒ ወደ ላይ ሲነሳ ያየ ሰው የዚህን ጥቅም ለመረዳት ሌላ ማስረዳት አይፈልግም። እርግጥ ነው፣ ጭቃ የበዛበት ገረገንቲ በታችኛው በር ላይ ቅስት ሠርቶ ሊዘጋ ይችላል፤ በሩ ሰፊ፣ የጎኑ ተዳፋትም ቀጥ ያለ ካልሆነ ሥራው ይበላሻል።

ይኸው አሠራር ለእህልም ይሆናል። እህል ከታች በኩል ማውጣት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እናቶቻችን ከጎታ እህል የሚያወርዱት ከሥሩ ባለው ቀዳዳ ነው። ከእነዋሪ አካባቢ የሚወጣው ስንዴና ለቢራ ፋብሪካዎች የሚቀርበው ገብስ እስካሁን በአብዛኛው በጆንያ ተቋጥሮ፣ በሰው ጀርባ ተጭኖ፣ በሰው ጀርባ ይወርዳል። በኮምባይነር የሚታጨደው ማሳ እየሰፋ ከሄደ ብትን እህል የሚጭን፣ ጎኖቹ ወደ መሐል 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ያዘነበሉ፣ ከታች የሚከፈት ተሳቢ መፈለጉ አይቀርም። ሆኖም ተቀባዩ መጋዘን መሬት ውስጥ የተቆፈረ ባለ ፍርግርግ መቀበያ ከሌለው ተሳቢው ብቻውን ፋይዳ የለውም። ተሳቢና ማራገፊያ ቦታ አብረው ይነደፉ የምለው ለዚህ ነው።

ስለ ብትን ሲሚንቶ ቦቴ ብዙ አልልም፤ በአየር ግፊት ወደ ሲሎ ስለሚገፋ ማራገፉ ገና ሲሠራ የታሰበበት ነው፣ አሠራሩም በአምራቾቹ ዘንድ የታወቀ ነው። ጣሪያው ዝቅ ባለ መጋዘን ውስጥ ለማራገፍ የሚያገለግሉት ወለላቸው የሚንቀሳቀስ ተሳቢዎችም ጥሩ ቢሆኑም ዋጋቸውና የመለዋወጫቸው ነገር ለጊዜው የሚያዋጣን አይመስለኝም።

ከማራገፉ ጋር በቀጥታ ባይያያዝም የፍሬኑን ጉዳይ ማለፍ አልችልም። ከጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ ተነስቶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወደምትገኘው ሸዋ ሮቢት የሚወርድ፣ ጠቅላላ ክብደቱ 400 ኩንታል የሆነ መኪና ቁልቁለቱ ላይ የሚያስረክበው ኃይል ከ180 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው፤ ይህም በሞተር ፍሬን ካልተያዘ በፍሬኑ ከበሮና ፌሮዳ (ከበሮውን በሚይዘው የፍሬን ሸራ) ላይ ሙቀት ሆኖ ያርፋል። ስፖንዳ የተቀጠለለት ተሳቢ ፍሬኑ አብሮ አልተቀጠለለትም። ካሶኒ የሚያሳድግ ጋራዥ የአክስሉንና የፍሬኑን ልክ ሳያይ እጁን ባያስገባ ምንኛ መልካም ነበር።

የማቀርበው ጥያቄ ለሦስት ወገኖች ነው። ካሶኒ የምታሠሩ ባለንብረቶች፣ ውል ስትፈርሙ የምትጭኑትን ዕቃ ዓይነት፣ የአንድ ሜትር ኩቡን ክብደትና የምታራግፉበትን ቦታ ሁኔታ በጽሑፍ አስፍሩ፤ ይህ ካልሰፈረ መሐንዲሱ የሚሠራው በግምት ነው። የጋራዥ ባለቤቶች ደግሞ በእያንዳንዱ ካሶኒ ፊት ላይ ይዘቱን በሜትር ኩብና የተሠራለትን ዕቃ ስም የሚገልጽ ሰሌዳ ብትለጥፉ፣ በውስጥ በኩልም ለየዕቃው እስከምን ድረስ እንደሚሞላ በቀለም መስመር ብታሰምሩ፣ በሎደር የሚጭነው ሰው የሚያየው ምልክት ያገኛል። በሾፌሩ ጋቢና ውስጥ የጎን ዘንበልታ የሚያሳይ ውኃ ልክ መግጠምም ከአንድ ጎማ ዋጋ እጅግ ያነሰ ወጪ ነው።

ሦስተኛው ወገን ለገጠር መንገድ ገረገንቲ የሚያስጭኑ የወረዳና የዞን መሥሪያ ቤቶች ናቸው። የጨረታ ሰነዳቸው ላይ የመኪናው የመጫን አቅም ይጠየቃል፤ የማራገፊያው ዓይነት ግን አይጠየቅም። በመጪው በጋ ከሚወጡት የመንገድ ሥራዎች አንዱን፣ ለምሳሌ ከጎን ተዳፋት የሚበዛበትን፣ ከታች በሚከፈት ተሳቢ እንዲሠራ በሰነዱ ላይ ቢያስገቡና የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የመካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች ጊዜውን፣ ነዳጁንና ብልሽቱን ከተለመደው ገልባጭ ጋር እያነጻጸሩ ቢመዘግቡ፣ ክርክሩ በአስተያየት ሳይሆን በቁጥር ይሆናል። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚሆን የካሶኒ ልኬትና ስሌት ለሚጠይቀኝ ያለ ክፍያ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመካኒካል ምህንድስና ባለሙያ
ከደብረ ብርሃን