ሚኒሞ ስለማትይዘው መኪናዬ ለጋራዡ ባለቤት የቀረበ ቅሬታ

ይድረስ፦ ለጋራዡ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ ሳይለካ ስለተቀየረ የነዳጅ ፖምፓ፣ ሳይነገረኝ ስለተነካ ብሎን እና ስለሚመለስልኝ ገንዘብ

ጤና ይስጥልኝ። በፈረንጆቹ 2003 የተሠራችውን ነጭ ቶዮታ ኮሮላ ይዤ የመጣሁት ደንበኛዎ ነኝ። ነገሩን በስልክ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። ስልኩን ያነሳው ልጅ «ለባለቤቱ እነግራለሁ» ብሎ ዘጋው፤ ከዚያ ወዲህ የደወለልኝ የለም። ስለዚህ በጽሑፍ አድርጌዋለሁ። ተናድጃለሁ፣ አልደብቅም። ስድብ ግን አልጽፍም። የሆነውን እንደሆነው ልንገርዎትና እርስዎ ራስዎ ልጆቹን ይጠይቁልኝ።

መኪናዋን ሳመጣት ችግሯን አንድ በአንድ ተናግሬያለሁ። መንገድ ላይ ምንም አትልም። ከአዘዞ ወደ ከተማ ሽቅብ ስትወጣ ጉልበቷ ሙሉ ነው። ችግሩ ስትቆም ነው። እግሬን ከነዳጅ መስጫው ሳነሳ ሚኒሞ አትይዝም፤ ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሊይዘው የሚገባው ዝቅተኛ ዙር ማለቴ ነው። ዙሩ ይወርዳል፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴ ይመለሳል፣ አንዳንዴ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ማታ መብራት ስትበራ፣ ወይም ለማቆም ብዬ መሪ ስጠመዝዝ ይብስባታል። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ግን መቼ እንደምትጠፋና መቼ እንደማትጠፋ የማውቀው እኔ ነኝ፣ ከሷ ጋር የምውለው እኔ ነኝና። ግማሹን ምርመራ አዘጋጅቼ ነው ያመጣሁላችሁ። የተቀበለኝ ልጅ ወረቀቱ ላይ የጻፈው ግን «ሞተር ቼክ» የሚል ብቻ ነው።

ካንዴላ ቀየራችሁ። ይሁን፣ ጊዜው ደርሶ ነበር፣ በሱ ቅሬታ የለኝም። ስሮትል ቦዲውን፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋውን ክፍል፣ አጠባችሁ። እሱም ተገቢ ነው፤ ጥላሸት ሲይዘው ሚኒሞ ያበላሻል። ቅሬታዬ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ለውጥ ሲጠፋ «የነዳጅ ፖምፓው ደክሟል» ተባልኩ። ተቀየረ፣ ከፈልኩ፣ መኪናዋ ያው ናት። ይዣት ስመለስ ደግሞ «ኮምፒውተር ቦክሷ ነው፣ ከአዲስ አበባ እናስመጣለን» ተባለ። እምቢ ስል የመጨረሻው መልስ «ጎንደር ከፍታ ነው፣ አየሩ ቀጭን ነው፣ እዚህ ሁሉም መኪና እንዲህ ነው» የሚል ሆነ።

ይህ መልስ ከሁሉም በላይ ስላናደደኝ ትንሽ ልቆይበት። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ መሆኗ እውነት ነው። አየሩ ይሳሳል፣ ሞተርም እዚህ ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚኖረው ጉልበት አይኖረውም። ግን ይቺ መኪና ኢንጀክሽን ናት። የሚገባውን አየር በሴንሰር ትለካለች፣ ነዳጁንም በዚያው ልክ ትሰጣለች። አየሩ ሲሳሳ ነዳጁን ራሷ ትቀንሳለች ማለት ነው። የድሮ ካርቡራተር ቢሆን ኖሮ ለከፍታው ማስተካከል ያስፈልጋል ብትሉኝ እቀበል ነበር። ደግሞም ይቺው መኪና ለዓመታት እዚሁ ከተማ ሠርታልኛለች። ደባርቅ ድረስ ይዣት ወጥቻለሁ፣ ደባርቅ ከጎንደር በብዙ ከፍ ይላል፤ እዚያም ቆማ ሚኒሞዋ ፍንክች አላለም። ከፍታው ያው ነው። የተለወጠው መኪናዋ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ያንን ነገር ፈልጎ ማግኘት ነበር የናንተ ሥራ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ተስተካክላለች፣ ሂድ» ተብዬ ከወጣሁ በኋላ እናቴን ይዤ ከጎሃ ሆቴል ኮረብታ እየወረድኩ ነበር። ያ መንገድ እንዴት እንደሚጠማዘዝ የጎንደር ሰው ያውቀዋል። ኩርባው ላይ ነዳጅ ለቅቄ ፍሬን ስይዝ ሞተሩ ጠፋ። መሪው ከበደ። ፍሬኑ ጠነከረ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ መርገጥ ነበረብኝ። የፍሬኑ ማገዣ የሚሠራው ሞተሩ በሚስበው አየር ነው፤ ሞተር ሲጠፋ አንድ ሁለቴ ከረገጡት በኋላ እገዛው ያልቃል። ከፊት ባጃጅ እየወጣ ነበር፣ ከዳር ልጆች ከትምህርት ቤት ይመጣሉ። እግዜር ይመስገን፣ መኪናዋ ቆመች። እናቴ ግን ከዚያ ወዲህ እዚያች መኪና ውስጥ አልገባም ብላለች። የናንተ ልጆች «ሚኒሞ ቀላል ነገር ነው» ሲሉኝ ነበር። ቁልቁለት ላይ የሚጠፋ ሞተር ቀላል ነገር አይደለም ጌታዬ።

በማግሥቱ አዘዞ ወዳለ አንድ ትልቅ ሰው ወሰድኳት። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ እሳቸውን ከናንተ ጋር ማጋጨት አልፈልግም። ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት ጠየቁኝ። መቼ ትጠፋለች? ቀዝቅዛ ነው ሞቃ? መንገድ ላይ ጉልበት ታጣለች? ለናንተ ልጅ የነገርኩትን በሙሉ ደገምኩላቸው። ስካነር ሰኩ፣ ፒ0171 የሚል ኮድ ወጣ። ትርጉሙ ድብልቁ ሳስቷል፣ ከነዳጁ ይልቅ አየሩ በዝቷል ማለት ነው። ከዚያ ሞተሩ ሳይግል አስነሱና የካርቡራተር ማጽጃ ስፕሬይ ይዘው በቱቦዎቹ ዙሪያ ትንሽ ትንሽ እየነፉ ጆሯቸውን ጣሉ። አንዲት ቦታ ላይ ሲደርሱ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ከሞተሩ ክዳን ተነስታ ወደ ማኒፎልድ፣ አየሩን ለሲሊንደሮቹ ወደሚያከፋፍለው ክፍል፣ የምትገባ፣ የዘይት ትነት የምትወስድ አጭር ጎማ ቱቦ ናት። ጨርቅ ጠቅልለው በፒንሳ ጨመቅ አደረጓት። መንቀጥቀጡ ወዲያው ቆመ።

ቱቦዋን አውልቀው በእጄ ሰጡኝ። ከላይ ሲያዩዋት ደህና ናት። ዘይት አርሷት ልስልስ ብላለች፣ ሌላ ምንም የለባትም። ገልበጥ አድርገው ክርኗን ሲያጥፏት ግን ከሥር የጥፍር ያህል ስንጥቅ አፉን ይከፍታል። ሲለቋት ይዘጋል። እኔ ራሴ ደጋግሜ አጥፌ አየሁት። ነገሩ ሁሉ ይቺ ስንጥቅ ነበረች።

እንዳስረዱኝ ከሆነ የአየር መለኪያው ያለው ከፊት፣ ከአየር ማጣሪያው በኩል ነው። በስንጥቋ የሚገባው አየር ከመለኪያው ኋላ ስለሚገባ አይቆጠርም። ያልተቆጠረ አየር ነዳጅ አይሰጠውም። መንገድ ላይ ሞተሩ ብዙ አየር ስለሚስብ ይቺ ትንሽ ፍሳሽ አትታወቅም። ሚኒሞ ላይ ግን ሞተሩ የሚፈልገው አየር ትንሽ ነው፣ የማኒፎልዱ መምጠጥ ደግሞ ጠንካራ ነው፤ ስለዚህ በስንጥቋ የሚገባው ትልቅ ድርሻ ይይዛል። መንገድ ላይ ደህና፣ ስትቆም የምትጠፋው ለዚህ ነው። እኔ ገና ስገባ የተናገርኩት ምልክት በቀጥታ ወደዚህ የሚመራ ነበር። የናንተ ልጅ ግን የፈተሻት አስፋልት ላይ አስሩጦ ነው፤ ችግሩ በሌለበት ቦታ ፈልጎ «ይኸው ትሄዳለች» አለኝ።

ፖምፓን መጠርጠር ነውር የለውም፤ ይህንን እኔም እላለሁ። ነዳጅ ሲያንስም ድብልቁ ይሳሳል፣ ያው ኮድ ይወጣል። ግን ግፊቱ በጌጅ ይለካል። የዚች መኪና ሲስተም ሦስት ባር ገደማ ግፊት ይዞ መገኘት አለበት፤ ካነሰ ፖምፓው፣ ካላነሰ ሌላ ነገር። አጭር ሥራ ነው። ልጁን ስንት አነበበ ብዬ ስጠይቀው «በልምድ ይታወቃል» አለኝ። ኮዱንም ቢሆን አይታችሁታል፤ ስካነር ስትሰኩ ቆሜ ነበር፣ የሞተሩ መብራትም ከዚያ በኋላ ጠፍቶ ነበር። ኮድ አጥፍቶ ደንበኛን ምን እንደነበረ አለመንገር ምን ማለት ነው? መብራቱ ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ በራ። በሽታው እዚያው ነበራ።

ይባስ ያለው ደግሞ ብሎኑ ነው። ቱቦዋ ተቀይራ መኪናዋ ትረጋለች ስንል ዙሩ ከፍና ዝቅ ማለት ጀመረ። ወደ 1,600 ይወጣል፣ ወደ 900 ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ሰውየው ስሮትል ቦዲው ላይ ጎንበስ ብለው አዩና ጠሩኝ። የስሮትሉ ማቆሚያ ብሎን ላይ የፋብሪካው ቀለም ተሰብሯል፣ ዳዶው ላይ አዲስ የቁልፍ ጭረት አለ፣ ብረቱ ገና ያበራል። ሚኒሞውን ከፍ ለማድረግ ብሎኑን አስገብታችሁታል። እግር ሳይነካው ስሮትሉ በትንሹ ተከፍቶ ይቀራል። ኮምፒውተሩ ነዳጅ መስጫው አልተረገጠም ብሎ ያምናል፣ ዙሩ ግን ከፍ ብሎ ያገኘዋል፤ ስለዚህ ነዳጅ ይቆርጣል። ዙሩ ሲወርድ ይመልሳል። እንዲህ ሲል ይውላል። ብሎኑ ወደ ቦታው ሲመለስ ሚኒሞዋ 700 ላይ ቁጭ አለ። መብራት አበራን፣ መሪ ጠመዘዝን፣ ንቅንቅ አላለም።

ስለዚህ ብሎን ማንም አልነገረኝም። ደረሰኙ ላይም የለም። ችግሩን አላገኛችሁትም፣ እሺ፣ ሰው ሁሉን አያውቅም፣ «አላገኘነውም፣ ሌላ ቦታ ሞክር» ቢባል አመስግኜ እሄድ ነበር። እናንተ ግን እንዳይታይ አድርጋችሁ «ተስተካክላለች» ብላችሁ ሰጣችሁኝ። የጎሃን ቁልቁለት የወረድኩት ይህን ቃል አምኜ ነው።

የምጠይቀው ይኸው ነው። የነዳጅ ፖምፓው ዋጋና እሱን ለመቀየር የተከፈለው የእጅ ዋጋ ይመለስልኝ፤ ሁለቱም በደረሰኛችሁ ላይ ተጽፈዋል፣ ኮፒውን አያይዣለሁ። የካንዴላውንና የእጥበቱን አልጠይቅም፣ ያ የሠራችሁበት ነው። የአዘዞውን የእጅ ዋጋ ደግሞ ቢያንስ ብሎኑን ለመመለስ የተከፈለውን ትሸፍኑልኛላችሁ። ከመኪናዬ የወጣው የድሮ ፖምፓ ይመለስልኝ፤ የኔ ንብረት ነው፣ ስጠይቅ «ተጥሏል» መባል አልነበረበትም። ጤነኛ መሆን አለመሆኑን ግፊቱ ተለክቶ ይታያል፤ ከተለካ በኋላ የእውነት ደክሞ ከተገኘ የፖምፓውን ጥያቄ አነሳለሁ። ብሎኑን ማን እንደነካው፣ ለምን እንዳልተነገረኝም በጽሑፍ መልስ እፈልጋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህ ለኔ ብቻ አይደለም። እዚያ ግቢ ስጠብቅ ሚኒሞ እምቢ ያላቸው ሌሎች መኪኖች ቆመው አይቻለሁ፣ አንዱ የታክሲ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሰው የሚጭን። ልጆቹ ዕቃ ከመቀየራቸው በፊት ቱቦዎቹን በእጃቸው አጥፈው እንዲያዩ፣ ግፊት እንዲለኩ፣ የወጣውን ኮድ ለባለመኪናው ጽፈው እንዲሰጡ ያድርጉልኝ። ጌጅና አንድ ጣሳ ስፕሬይ ናቸው፣ ብዙ ወጪ የለውም።

መልስ ካላገኘሁ ወደ ከተማው ንግድ መምሪያ እሄዳለሁ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ጉዳት ሲደርስበትም ካሳ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን እርስዎን በአካል ባገኝዎት እመርጣለሁ። ቱቦዋን አልጣልኳትም፣ ይዣት እመጣለሁ፣ በእጅዎ አጥፈው ያዩዋታል። እስከዚያው ፖምፓው መጋዘን ውስጥ ካለ ማንም እንዳይነካው ለልጆቹ ይንገሩልኝ።

የኮሮላዋ ባለቤት